ጉድጓዱ የማን ነው?

ባለፉት ሁለት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ፣ ከወልድያና ከመርሳ የተላኩት አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ሁሉም በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በምትገኘው በሚኒሶታ ግዛት ዘመድ አላቸው፤ ሁሉም ስለዚያ አገር መንገድና የሕዝብ ትራንስፖርት አስተዳደር የሰሙት ነገር ግራ አጋብቷቸዋል። እኔም በኮምቦልቻ በመንገድ ጥገና ሥራ ላይ ለዓመታት የቆየሁ፣ በኋላም ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሴንት ፖል ከተማ ሁለት የበረዶ ወቅት ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ፣ አራቱንም በአንድ እትም ለመመለስ ወሰንኩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሴንት ፖል ውስጥ ስኔሊንግ በሚባል ጎዳና ሲያሽከረክር መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጎማዋ ፈነዳ፤ ቸርኬውም ተጣመመ። ካሳ ለመጠየቅ ወደ ከተማው አስተዳደር ቢደውል «መንገዱ የእኛ አይደለም» ተባለ። እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ «እዚያ ሂድ» መባል በአሜሪካም መኖሩን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳቄ ነው የመጣው። ለመሆኑ በከተማ መሀል ያለ አስፋልት የከተማው ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድምዎ ያገኙት መልስ ትክክለኛ ነው። ስኔሊንግ ከተማውን ሰንጥቆ ቢያልፍም፣ በግዛቲቱ መዝገብ የሚታወቀው በቁጥር 51 አውራ ጎዳናነቱ ስለሆነ፣ አስፋልቱን የመጠገን ኃላፊነት ያለበት የሚኒሶታ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ለእርስዎ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ከሐርቡ መጥቶ ኮምቦልቻን አልፎ በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ደሴ የሚወጣውን አስፋልትና ከእሱ ተገንጥሎ ወደ አንድ ሠፈር የሚገባውን ኮብልስቶን የሚያስተዳድሩት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች መሆናቸውን በየቀኑ በጎማዎ ያውቁታልና።

በሚኒሶታ መንገድ አራት ዓይነት ባለቤት አለው። ርዝመታቸው ወደ 12,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 19,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጉት ዋና ዋና መንገዶች የግዛቱ ናቸው። ከዚያ በታች 87 ካውንቲዎች አሉ፤ ካውንቲ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ የመንገድ መሐንዲስ ያለው የአካባቢ አስተዳደር ነው። ከተሞች የውስጥ ጎዳናዎቻቸውን ይይዛሉ፤ ታውንሺፕ የሚባሉት የገጠር አስተዳደሮች ደግሞ በአብዛኛው የጠጠር መንገዶችን። ብዙ ሰው ኢንተርስቴት የሚባሉት ፈጣን መንገዶች የፌዴራሉ መንግሥት ንብረት ይመስሉታል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሕግ የግንባታ ወጪያቸው 90 በመቶ ከፌዴራል ካዝና እንዲሸፈን አደረገ እንጂ መንገዶቹ የየግዛቶቹ ናቸው፤ በረዶአቸውን የሚጠርገውም ሆነ ጉድጓዳቸውን የሚደፍነው ግዛቱ ነው።

ባለቤቱን ለማወቅ ቢሮ ለቢሮ መዞር አያስፈልግም ነበር፤ ምልክቱን ማየት ይበቃል። የጋሻ ቅርጽ ያለው ቀይና ሰማያዊ ሰሌዳ ኢንተርስቴት ነው። ሰማያዊ አራት ማዕዘን ላይ ነጭ ቁጥር ካለ የግዛቱ አውራ ጎዳና ነው፤ ሰማያዊ ባለ አምስት ማዕዘን ላይ ቢጫ ቁጥር፣ ወይም ነጭ ላይ ጥቁር ቁጥር ያለበት አራት ማዕዘን ከሆነ የካውንቲ ነው። ስም ብቻ ኖሮት ቁጥር የሌለው ብዙውን ጊዜ የከተማው ነው። ስኔሊንግ ላይ ግን ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል፤ አስፋልቱ የግዛቱ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በላዩ የሚመላለሰውን ኤ ላይን የተባለ ፈጣን አውቶቡስ የሚያሰማራው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የእግረኛ መንገዱን በረዶ ደግሞ መጣሉ ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጥረግ ግዴታ ያለበት ከፊት ለፊቱ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው ነው። አንድ ጎዳና ለሦስት ባለቤት ማለት ይህ ነው።

ባለቤቱ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «በማን ገንዘብ?» የሚለው ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝም ይኸው ነው። ከነዳጅ ቀረጥና እኛ ቦሎ ከምንለው ዓይነት ዓመታዊ የተሽከርካሪ ክፍያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ አንድ ፈንድ ይገባል፤ ከዚያም 5 በመቶው ለልዩ ልዩ ጉዳዮች ይነሣና ቀሪው 62 በመቶ ለግዛቱ አውራ ጎዳናዎች፣ 29 በመቶ ለካውንቲዎች፣ 9 በመቶ ደግሞ ከ5,000 በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ይከፋፈላል። ይህ ክፍፍል በመመሪያ የወጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በሕዝብ ድምፅ ጸድቆ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ላይ የተጻፈ ነው። የእኛም የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ከተቋቋመ በኋላ ለረጅም ጊዜ የጥገናውን ገንዘብ ሲያከፋፍል የቆየው 70 በመቶ ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶ ለክልል የገጠር መንገዶች፣ 10 በመቶ ለከተሞች በሚል ስሌት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። መመሳሰሉ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሽማግሌዎቻችን እስካሁን «አውራ ጎዳና» እያሉ የሚጠሩት መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ገንዘቡ በከፊል ከዓለም ባንክ በተገኘ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር፣ ባለሙያዎቹ ደግሞ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች እንደነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሚኒሶታዎች መንገድን ሕገ መንግሥት ውስጥ ማስገባት የጀመሩት ከዚያ አስቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1920 ደግሞ ኮሚሽነሩ ቻርልስ ባብኮክ በደከመበት ማሻሻያ 70 መስመሮች፣ እያንዳንዱ ከየት ተነሥቶ የትኞቹን ከተሞች እንደሚያገናኝ ተዘርዝሮ፣ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጻፉ። እኛ አገር ሕገ መንግሥት ውስጥ «ከወረኢሉ ተነሥቶ በካቤ በኩል ደሴ» የሚል አንቀጽ ቢገኝ ምን እንደሚባል አላውቅም። መሥሪያ ቤቱ የአሁኑን ቅርጽ የያዘው የአየር መንገድ ጉዳዮችንና የትራንስፖርት ዕቅድን ጠቅልሎ በ1976 እንደ አዲስ ሲቋቋም ነው፤ ሥራውንም በስምንት ዲስትሪክቶች ከፋፍሎ ይመራል፤ ልክ ኮምቦልቻ የዲስትሪክት መቀመጫ እንደነበረችው ማለት ነው።

በሕገ መንግሥት የታሰረ ገንዘብ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የጉድጓድ መድፈኛውን ብር ማንም ባለሥልጣን ለሌላ ጉዳይ ሊያዞረው አይችልም። ጉዳቱ ደግሞ ስሌቱ የዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ የወጣ መሆኑ ነው፤ ሕዝቡ ወደ ከተማ ቢጎርፍም 9 በመቶው ያው 9 በመቶ ነው፤ 4,900 ሰው ያላት ከተማም ከዚያ ድርሻ አታገኝም። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን አስሬ፣ ስሌቱ በየአሥር ዓመቱ እንዲታይ አደርግ ነበር።

ወደ ወንድምዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ ጉድጓዱ የሚገኝበትን ትክክለኛ ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ፎቶግራፉንና የጎማ ቤቱን ደረሰኝ አያይዘው ለግዛቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የካሳ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ገንዘቡን በእርግጠኝነት እንዲጠብቁ ግን አልመክርም፤ መሥሪያ ቤቱ ስለ ጉድጓዱ አስቀድሞ ያውቅ እንደሆነና ለመጠገን በቂ ጊዜ አግኝቶ እንደሆነ ይመረመራል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሚኒያፖሊስ ነው ያለችው። ሥራ የምትመላለሰው በአውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ረዳት የለውም፣ ዋጋውም ሩቅ ሄድሽ ቅርብ ሄድሽ አንድ ነው ትለኛለች፤ ባቡርም አለ ትላለች። የመንግሥት ነው የነጋዴ? ታሪፉንስ ማን ነው የሚያወጣው? በዚያ ብርድ ቆማ መጠበቋም ያሳስበኛል። (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ እናታችን፣ አውቶቡሱም ባቡሩም የመንግሥት ናቸው፤ የሚያሰማራቸው መሥሪያ ቤት ግን ከላይ ከተጠቀሰው የመንገድ መሥሪያ ቤት የተለየ ነው። ሜትሮፖሊታን ካውንስል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1967 መንትያዎቹ ከተሞች በሚባሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ላሉት ሰባት ካውንቲዎች በጋራ የተቋቋመ ሲሆን፣ 17 አባላቱን የሚሾመው የግዛቱ ገዥ ነው። ግብር የሚጥል ምክር ቤት በሕዝብ አለመመረጡ እዚያ ዘወትር ያከራክራል፤ የሚከራከሩትም እውነት አላቸው። አውቶቡሶቹና ባቡሮቹ የሚሠሩት ሜትሮ ትራንዚት በሚባለው የካውንስሉ ክፍል ሥር ነው።

ቀድሞ ነገሩ የነጋዴ ነበር። አንድ የግል ኩባንያ ከተሞቹን በሐዲድ ላይ በሚሄዱ የኤሌክትሪክ ትራሞች ሲያገለግል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጨረሻውን ትራም አንሥቶ በአውቶቡስ ተካው፤ አውቶቡሱም ሲዳከም በ1970 መንግሥት ገዛው። ትራሙ በተነቀለ በ50 ዓመቱ፣ በ2004፣ ብሉ ላይን የተባለው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ግሪን ላይን ተከተለ። ስለ ግሪን ላይን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። መስመሩ ከሚያልፍበት ጥቂት ወደ ደቡብ ሮንዶ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ነበር፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኢንተርስቴት 94 በመሀሉ ተቀድዶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተፈናቀሉ። ባቡሩ ሲታቀድ የዚያ አካባቢ ነዋሪዎች «ባቡሩ በደጃችን ያልፋል፣ ለእኛ ግን አይቆምም» ብለው ስለተሟገቱ፣ በመጀመሪያው ዕቅድ ያልነበሩ ሦስት ጣቢያዎች ተጨመሩ። በ2015 የሴንት ፖል ከንቲባና የግዛቱ የትራንስፖርት ኮሚሽነር ስለ ሮንዶ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። የመንገድ ካሳ ጉዳይ በሚነሣበት በእኛም አገር ይህ ቢታወቅ አይከፋም።

ታሪፉን የሚወስነው ያው ካውንስል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ለአዋቂ 2 ዶላር፣ ለአረጋውያን 1 ዶላር ሆኗል፤ አንዴ የከፈለ ሰው ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከአንዱ አውቶቡስ ወርዶ በሌላው መሳፈር ይችላል። በ2 ዶላር ግን ነዳጁም የሾፌሩም ደመወዝ አይሸፈንም። ትልቁ ድርሻ ከግብር ነው የሚመጣው። በ2006 ሕዝቡ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ፣ መኪና ሲሸጥ ከሚከፈለው ግብር ቢያንስ 40 በመቶው ለሕዝብ ትራንስፖርት እንዲውል አደረገ፤ ከጥቅምት 2023 ጀምሮም በሰባቱ ካውንቲዎች ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ ላይ፣ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 75 ሳንቲም የሚሰበስብ ተጨማሪ የሽያጭ ግብር ተጥሏል። ልብስና የምግብ ሸቀጥ ከዚህ ነጻ ናቸው። እንግዲህ ልጅዎ አውቶቡስ ስትሳፈር 2 ዶላር፣ ስልክ ወይም ብርድ ልብስ ስትገዛ ደግሞ ቀሪውን በጥቂት በጥቂቱ ትከፍላለች።

ስለ ብርዱ መጨነቅዎ የእናት ነውና አይፈረድብዎትም፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። በጥር ወር አንድ ጠዋት ስኔሊንግና ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ቦታ ቆሜ ጢሜ ላይ በረዶ ሲጋገር፣ አንዲት ወጣት በመጠለያው ግድግዳ ላይ ያለ ቁልፍ ስትጫን ከጣሪያው ላይ ማሞቂያ ቀልቶ በራ፤ ከራሳችን በላይ ፍም የተንጠለጠለ ነበር የመሰለኝ። አውቶቡሱ ሲደርስ አንድ አረጋዊ መቆማቸውን ያየው ሾፌር አንዲት ነገር ነካ አደረገና፣ አውቶቡሱ በሩ ባለበት በኩል እንደ ግመል በረከከላቸው። መውረጃዬ ሲቃረብ ልማድ አሸንፎኝ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለካ በመስኮቱ ጥግ የተዘረጋውን ገመድ መሳብ ነው የሚበቃው።

ከሰባቱ ካውንቲዎች ውጪ ግን ካውንስሉ አይሠራም። በትናንሽ ከተሞችና በገጠሩ ያለው አገልግሎት በብዛት ቀድሞ በስልክ የሚያዝ አነስተኛ አውቶቡስ ሲሆን፣ እሱን በገንዘብ የሚደግፈው የግዛቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ልጅዎ ወደዚያ የመዛወር ሐሳብ ካላት አስቀድማ መንጃ ፈቃድ ብታወጣ ይሻላታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ትልቅ ድልድይ መኪና እንደጫነ መውደቁን አንድ መምህራችን ጠቅሶልን ነበር። ያን ያህል ሀብትና ቁጥጥር ባለበት አገር ድልድይ እንዴት ይወድቃል? (ከወልድያ)

መልስ፦ ልጄ፣ የምትለው የኢንተርስቴት 35ደብሊው ድልድይ ነው። ሚሲሲፒ ወንዝን ያሻግር ነበር፤ ለትራፊክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967፣ የወደቀው ነሐሴ 1 ቀን 2007 ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ነው። ከ100 በላይ ተሽከርካሪዎች በላዩ ነበሩ፤ 13 ሰዎች ሞቱ፣ 145 ቆሰሉ።

የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከአንድ ዓመት በላይ መርምሮ የደረሰበት ምክንያት ለአንተ ትልቅ ትምህርት ነው። ችግሩ የተነሣው የብረት ዘንጎቹ በሚገናኙበት ላይ ከሚያያይዟቸው ጠፍጣፋ ብረቶች ነው። አንድ ኢንች ያህል ሊወፍሩ የሚገባቸው ግማሽ ኢንች ሆነው ተሠሩ፤ ስህተቱ የተፈጸመው ገና በንድፉ ወረቀት ላይ ስለነበር፣ በየጊዜው የተደረገው ምርመራ ዝገትና ስንጥቅ ሲፈልግ የብረቱን ውፍረት ከስሌቱ ጋር አላመሳከረም። በ40 ዓመት ውስጥ መንገዱ ላይ ኮንክሪት ተደረበ፣ ትራፊኩም በዛ። በዚያን ቀን ደግሞ ለጥገና የመጣ አሸዋ፣ ጠጠርና ማሽን በደካማው ቦታ አጠገብ ተከምሮ ነበር። ጥገና ገዳይ ሊሆን እንደሚችል በልምድ የምናውቅ ሰዎች ይህን ስናነብ እንደነግጣለን፤ እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአንድ አሮጌ ድልድይ ጫፍ ላይ ሁለት ገልባጭ ጠጠር አስደፍቼ አውቃለሁ።

ከአደጋው በኋላ የሆነው ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ይመልሰናል። በየካቲት 2008 የግዛቱ ሕግ አውጪ ገዥው ውድቅ ያደረገውን ሕግ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መልሶ አጸደቀ፤ በዚህም ለ20 ዓመት ያህል በጋሎን 20 ሳንቲም ላይ ቆሞ የነበረው የነዳጅ ቀረጥ ደረጃ በደረጃ ወደ 28.5 ሳንቲም ከፍ አለ፤ ደካማ ድልድዮችን በአሥር ዓመት ለመጠገን ወይም ለመተካት የሚያስችል ፕሮግራምም ተያይዞ ወጣ። አዲሱ ድልድይ በመስከረም 2008 ተከፍቷል፤ ኮንክሪቱ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚመዘግቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዳሳሾች ተቀብረውበታል።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳል። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ብር ላክ ስለው «መንገዱ ስለለሰለሰ ጭነት ቀንሰውብናል» ይለኛል። አስፋልት ዝናብ በሌለበት እንዴት ይለሰልሳል? ወይስ እያታለለኝ ነው? (ከመርሳ፣ አንድ ነጋዴ)

መልስ፦ ነገሩ ሐሰት አይደለም። እዚያ በበረዶው ወራት አፈሩ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ጠልቆ በረዶ ሆኖ ይደርቃል፤ ያኔ መንገዱ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር አንዳንድ ጭነት ጭራሽ ይጨመርለታል። ሙቀት ሲመጣ ግን መቅለጥ የሚጀምረው ከላይ ነው። የቀለጠው ውኃ ከሥሩ ያለው አፈር ገና በረዶ ስለሆነ መስረጊያ ያጣና አስፋልቱ በጭቃ ላይ እንደተነጠፈ ይሆናል። እኛ በነሐሴ ከውጫሌ ወጣ ባለ ጥርጊያ መንገድ ላይ የምናውቀውን ጭቃ፣ እነሱ ከአስፋልት ሥር ያገኙታል ማለት ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ግዛቱን በቀጠና ከፍሎ፣ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት አስታውቆ፣ በአንድ አክስል ላይ የሚጫነውን ክብደት ይቀንሳል። (አፄ ቴዎድሮስ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ያደረሱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ መንገዱን እየቆፈሩ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ነበር፤ የአፈርን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።)

ነገር ግን ገደቡ በሁሉም መንገድ ላይ አይደለም። በብዛት የሚነካው የካውንቲና የታውንሺፕ መንገዶችን እንዲሁም ቀጭን አስፋልት ያላቸውን አንዳንድ የግዛቱን መስመሮች ሲሆን፣ ኢንተርስቴቶቹ በጥልቅ መሠረት ላይ ስለተሠሩ ዓመቱን ሙሉ ሙሉ ጭነት ይሸከማሉ። ስለዚህ የአጎትዎን ልጅ በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ ይጠይቁት። እህል ወይም ግንድ ከገጠር የሚያወጣ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ውሎው ኢንተርስቴት 94 ላይ ከሆነ ግን ብሩ የቀረበትን ሌላ ምክንያት ይንገርዎት።